የአንድ ጊታር ተጫዋች መጽሔት፦ በጂሚ ሄንድሪክስ ዙሪያ የተዘጋጁ ነጻ መጽሔቶች አሠራርና የማኅደርነት ሚና

በ1972 መጀመሪያ ላይ «ሄንድሪክስ ኢን ዘ ዌስት» የተሰኘ ሸክላ ለገበያ ቀረበ። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ለንደን ውስጥ ካረፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። በሸክላው ላይ እንደሰፈረው መረጃ ከሆነ በውስጡ ከተካተቱት ዘፈኖች ሁለቱ፣ «ሊትል ዊንግ» እና «ቩዱ ቻይልድ»፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንዲያጎ የስፖርት አዳራሽ የተቀረጹ ናቸው። እውነታው ግን ሌላ ነው። ሁለቱም የተቀረጹት ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1969 ለንደን ውስጥ በሮያል አልበርት አዳራሽ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የለንደኑ ኮንሰርት ቀረጻ ባለቤትነት ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ የኖረ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ለተራ አድማጭ ምንም ላይመስል ይችላል። የአንድን ሙዚቀኛ አጨዋወት እድገት ለሚያጠና ሰው ግን በየካቲቱ የለንደን ምሽትና በግንቦቱ የሳንዲያጎ ምሽት መካከል ያለው የሦስት ወር ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ሄንድሪክስ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀበት ዘመን በጠቅላላው አራት ዓመት እንኳ በቅጡ የማይሞላ ነውና። የዚህን ዓይነት ስሕተት ለቅሞ የማረሙ ሥራ ለበርካታ ዓመታት የወደቀው በዩኒቨርሲቲዎች ወይም በሸክላ አሳታሚዎች ትከሻ ላይ አልነበረም። ሥራውን የያዙት ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ከቤታቸው ሆነው መጽሔት የሚያዘጋጁ አድናቂዎች ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት እነዚህ መጽሔቶች እንዴት እንደሚዘጋጁ፣ በምን ገንዘብ እንደሚቆሙ፣ እውቀታቸውን ከየት እንደሚያገኙና «ነጻ» የሚለው ቅጽላቸው በተግባር ምን ትርጉም እንዳለው ማብራራት ነው። መከራከሪያውም እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፦ የአንድ ጊታር ተጫዋች መጽሔት ዋነኛ ፍሬ ውዳሴ ሳይሆን ቀን የተቆረጠለት መዝገብ ነው፤ መጽሔቱ የሚፈተነውም ድምፁን በባለቤትነት የያዙትን ወገኖች ማረም በሚገባው ጊዜ፣ የዚያኑ ድምፅ ፈቃድ ከእነርሱ መጠየቅ ሲኖርበት ነው።

ከማባዣ ወረቀት ወደ መጽሔት

በአድናቂዎች የሚዘጋጅ መጽሔት በእንግሊዝኛ «ፋንዚን» ይባላል። ቃሉ የተፈጠረው በ1940 በአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች ዘንድ ነው። ወደ ሮክ ሙዚቃ የተሻገረው ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በ1966 ፖል ዊልያምስ የተባለ የ17 ዓመት የስዋርዝሞር ኮሌጅ ተማሪ «ክሮዳዲ» የተባለውን መጽሔት በስቴንስል አባዝቶ አወጣ። የመጀመሪያው እትም አሥር ገጽ፣ የቅጂው ብዛትም 500 ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1976 የበጋ ወራት ማርክ ፔሪ የተባለ የለንደን ባንክ ጸሐፊ በጽሕፈት መኪናና በወፍራም እስክሪብቶ ያዘጋጀው «ስኒፊን ግሉ» የፓንክ ሙዚቃን ዜና ማሰራጨት ጀመረ፤ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳያልፍ አዘጋጁ በገዛ ፈቃዱ ዘጋው።

እነዚህ ሁለቱ ምሳሌዎች በዘርፉ ታሪክ ዘወትር ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ጊታር ተጫዋች ላይ ብቻ ያተኮረ መጽሔት ከእነርሱ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። «ክሮዳዲ»ም ሆነ «ስኒፊን ግሉ» የሚዘግቡት በዓይናቸው ፊት እየሆነ ያለውን ነገር ነበር፤ በየወሩ አዲስ ሸክላ፣ በየሳምንቱ አዲስ ቡድን ይመጣላቸዋል። በሕይወት ስለሌለ አንድ ሰው የሚታተም መጽሔት ግን ዜናው የሚመጣለት ካለፈው ዘመን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከአምስት እትም በኋላ ምን ይጻፋል?» የሚል ይሆናል።

በሄንድሪክስ ረገድ የጥያቄው መልስ ሰውየው ትቶት በሄደው ቅርስ ዝብርቅርቅነት ውስጥ ይገኛል። በ1942 በሲያትል ከተማ ተወልዶ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በ27 ዓመቱ ሲሞት፣ ራሱ አጠናቅቆ ያወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ በ1967 የወጡት «አር ዩ ኤክስፒርየንስድ» እና «አክሲስ፦ ቦልድ አዝ ላቭ»፣ በ1968 የወጣው «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ»። በአንጻሩ ስቱዲዮ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ እየተጫወተ ማስቀረጽ ልማዱ ስለነበር ያልተጠናቀቁ ቴፖች ተከምረው ቀሩ። በዚህ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ያቀረባቸው ኮንሰርቶች፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች፣ ዝነኛ ከመሆኑ በፊት ለሌሎች ዘፋኞች በአጃቢነት የተጫወታቸው ሸክላዎች፣ እንዲሁም አድማጮች በኪስና በቦርሳ በያዟቸው መቅረጫዎች የቀዷቸው ቴፖች ይደመራሉ። ሦስት አልበም የአንድ መጽሔት እትም አይሞላም፤ የተከመረው ቴፕ ግን የሠላሳ ዓመት ሥራ ይወጣዋል።

ይህን ሥራ በስፋት ከያዙት መካከል ሦስት መጽሔቶች ይጠቀሳሉ። በአሜሪካ ከ1989 እስከ 1996 የታተመው «ስትሬት አሄድ»፣ በእንግሊዝ የሚታተመው «ጂምፕሬስ»፣ እንዲሁም በ1991 በአየርላንድ ኮርክ አውራጃ የተመሠረተው «ዩኒቫይብስ» ናቸው። የመጨረሻው መሥራችና አዘጋጅ ሆላንዳዊው ሲዛር ግሌቤክ ሲሆኑ፣ ቀደም ሲል በአምስተርዳም የሄንድሪክስ የመረጃ ማዕከል ያንቀሳቅሱ የነበሩና ከሃሪ ሻፒሮ ጋር በ1990 «ኤሌክትሪክ ጂፕሲ» የተባለውን የሕይወት ታሪክ ያሳተሙ ናቸው። በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ የሚገኙት ሰፋፊ አባሪዎች፣ ማለትም የሸክላዎቹ፣ የኮንሰርቶቹና የመሣሪያዎቹ ዝርዝሮች፣ መጽሔቱ ኋላ ለሚሠራው ሥራ እንደ ንድፍ ሊታዩ ይችላሉ። የመጽሔቱ ስም ራሱ ለአዋቂ አንባቢ ምልክት ነው፤ «ዩኒ-ቫይብ» በጃፓን የተሠራ፣ የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያን ውጤት የሚያስመስል የእግር መሣሪያ ሲሆን ሄንድሪክስ በ1969 በዉድስቶክ ፌስቲቫል ተጠቅሞበታል። በዚህ ስም የሚጠራ መጽሔት ገና ከሽፋኑ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል።

የአንድ ሰው ዝግጅት ክፍል

የእነዚህ መጽሔቶች ዝግጅት ክፍል ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ በቃሉ ሁለቱም ትርጉሞች። ጽሑፉን የሚጽፈው፣ ደብዳቤ የሚመልሰው፣ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚደራደረው፣ ፖስታ ላይ አድራሻ የሚለጥፈውና ቴምብር የሚገዛው ያው አንድ ሰው ነው። ባለሙያ ሊረዳው ቢችል እንኳ በትርፍ ጊዜው ነው።

የገንዘቡ አያያዝ የተለየ ትኩረት ይሻል። በገበያ ላይ የሚሸጥ ትልቅ መጽሔት ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው በማስታወቂያ ነው። የአንድ ጊታር ተጫዋች መጽሔት ግን ለማስታወቂያ አስነጋሪ የሚያጓጓ የአንባቢ ብዛት የለውም፤ አንባቢዎቹም በአንድ ከተማ የተሰበሰቡ ሳይሆኑ ከቶኪዮ እስከ ኦስሎ፣ ከሜልቦርን እስከ ሲያትል የተበተኑ ናቸው። ስለሆነም መደገፊያው ቅድሚያ የሚከፈል የደንበኝነት ገንዘብ ብቻ ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሲታይ ገቢ ይመስላል፤ በጥብቅ የሒሳብ ቋንቋ ግን ዕዳ ነው። ለአራት እትም አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ አራተኛው እትም እስኪደርሰው ድረስ አበዳሪ ነው። አዘጋጁ የመጀመሪያውን እትም በአራቱም እትሞች ገንዘብ አሳምሮ ካተመ፣ የቀሩትን ሦስቱን የሚያትምበት ገንዘብ ከአዲስ ደንበኞች መምጣት አለበት። አዲስ ደንበኛ ሲቀንስ መጽሔቱ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ ነባሩ ደንበኛ ማደሱን ይተዋል። ትንንሽ መጽሔቶች ሲዘጉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአዘጋጁ መሰላቸት እንደሆነ ይነገራል፤ ከመሰላቸቱ በስተጀርባ ግን ይህ ሒሳብ አለ።

ሁለተኛው ጫና የኅትመቱ ባሕርይ ነው። የገጽ ቅንብር፣ የፎቶግራፍ ዝግጅትና የማተሚያ ሳህን ወጪ 500 ቅጂም ታተመ 5,000 ያው ነው። ስለዚህ ቅጂው ባነሰ ቁጥር አንዱ ቅጂ የሚሸከመው ወጪ ይጨምራል። በዚህ ላይ የፖስታው ዋጋ በክብደት ስለሚሰላ አሥር ገጽ መጨመር የማተሚያውን ብቻ ሳይሆን የአየር መልእክቱንም ሒሳብ ያንራል። ከድረ ገጽ በፊት በነበሩት ዓመታት የውጭ አገር ክፍያ መቀበልም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር፤ በውጭ ገንዘብ የተጻፈ ትንሽ ቼክ ባንክ ሲገባ የሚቆረጥበት ክፍያ ከቼኩ ብዙ ያልራቀ ሊሆን ይችላል። የደብዳቤ ልውውጡን ያቃለለው በ1906 በዓለም ፖስታ ኅብረት የተፈቀደው ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን ነው። ኩፖኑን አንባቢው ከአገሩ ፖስታ ቤት ገዝቶ ከደብዳቤው ጋር ሲልክ አዘጋጁ በራሱ አገር በቴምብር ይለውጠዋል። ዛሬ እምብዛም የማይታወሰው ይህ ቁራጭ ወረቀት ለብዙ ዓመታት የዓለም አቀፍ አድናቂዎች ገንዘብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደንበኞቹ ግን ከፋዮች ብቻ አይደሉም። በአንድ የስዊድን ከተማ የሚኖር ደንበኛ የ1967 የአገሩን ጋዜጣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ያገላብጣል፤ የኮንሰርት ግምገማ ተርጉሞ ይልካል። ሌላው አባቱ ያነሣውን ፎቶግራፍ ያቀርባል። ሌላው ደግሞ ባለፈው እትም የወጣውን ቀን የሚቃረን የመግቢያ ቲኬት ይዞ ይመጣል። ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በአንድ የጥናት ገንዘብ የማይሸፈን የበርካታ አገሮች የማኅደር ፍለጋ፣ በመጽሔቱ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ይከናወናል። በዚህ ረገድ የደብዳቤ ገጹ የመጽሔቱ ማጀቢያ ሳይሆን ሌላው የምርምር ክፍሉ ነው።

ቀንን የማጣራት ሥራ

ከመጽሔቶቹ አስተዋጽኦ ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው የዘመን ቅደም ተከተል ሥራ ነው፤ ማለትም ሄንድሪክስ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን እንደተጫወተ መመዝገብ። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ማስረጃዎቹ ሲጋጩ ነው።

የጋዜጣ ማስታወቂያ ኮንሰርቱ መታቀዱን ያሳያል እንጂ መደረጉን አያረጋግጥም፤ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ የወጣ ግምገማ ከማስታወቂያው ይበልጣል። በቴፕ ሣጥን ላይ የተጻፈ ቀንም ዘወትር የተቀረጸበት ቀን አይደለም፤ የተገለበጠበት ወይም የተቀናበረበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ሣጥኑም አንዳንዴ የሌላ ቴፕ ማስቀመጫ ሆኖ ይገኛል። የሙዚቀኞች ትዝታ ስለ ሰውየው ጠባይና ስለ ሥራው መንፈስ ብዙ ይናገራል፤ ቀንን በተመለከተ ግን ከማስረጃዎቹ ሁሉ ደካማው ነው። ልምድ ያለው አዘጋጅ እነዚህን ደረጃ በደረጃ ይመዝናቸዋል። የሚገርመው ይህን ሚዛን አብዛኞቹ ያገኙት በታሪክ ትምህርት ክፍል ተቀምጠው ሳይሆን በተደጋጋሚ ተሳስተው፣ በአንባቢ ደብዳቤ ታርመው ነው።

ፎቶግራፍ የራሱ ወጥመድ አለው። ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው ግን ለቀኝ እጅ የተሠራውን የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ገልብጦና ክሮቹን እንደገና አቀያይሮ ነው። ስለዚህ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፎቹ ከክሮቹ በላይ ሆነው ይታያሉ፤ በጊታሩ ራስ ላይ ያሉት የክር መወጠሪያዎችም ወደ ታች ይዞራሉ። የጋዜጣና የሸክላ ሽፋን አዘጋጆች ፊልሙን ገልብጠው ሲያትሙት ሄንድሪክስ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ይመስላል። የመጽሔቱ አንባቢ ይህን የሚለየው ቁልፎቹ አሁንም ከላይ በመሆናቸው፣ በጊታሩ ራስ ላይ ያለው የፋብሪካው ስምም በመገልበጡ ነው። ፎቶግራፉ ከቀና በኋላ ልብሱ፣ የጊታሩ ቀለም፣ የማንጠልጠያው ጨርቅና ከኋላ የሚታየው የድምፅ ማጉያ አቀማመጥ ቀን ከታወቀላቸው ሌሎች ሥዕሎች ጋር ይነጻጸራል። አንድ ሸሚዝ የአንድን ምሽት ማንነት የሚወስንበት ጊዜ አለ።

ድምፁን የማጣራቱ ሥራ ደግሞ የበለጠ ቴክኒካዊ ነው። በተንቀሳቃሽ መቅረጫ የተቀዳ ቴፕ ባትሪው ሲደክም ፍጥነቱ ይለወጣል፤ ከቴፕ ወደ ቴፕ ሲገለበጥም እንዲሁ። ቴፑ በስድስት በመቶ ገደማ ከፈጠነ ድምፁ በግማሽ ቃና ከፍ ይላል። ሄንድሪክስ በተለይ በኮንሰርት ላይ ጊታሩን ከመደበኛው በግማሽ ቃና ዝቅ አድርጎ የመቃኘት ልማድ ስለነበረው፣ የፈጠነ ቴፕ በመደበኛው ቅኝት የተጫወተ ያስመስለዋል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ብዙ አድማጭ የሚጠላው የኤሌክትሪክ እምምታ ነው። የመብራት ሞገድ በአሜሪካ በሴኮንድ 60፣ በአውሮፓ 50 ጊዜ ይርገበገባል፤ በቀረጻው ውስጥ የገባው እምምታ ከአዳራሹ ማጉያዎች የመጣ ከሆነ እርሱን በመለካት የቴፑን ትክክለኛ ፍጥነት መመለስ ይቻላል። አንድ ዓይነት ነው ተብሎ በሁለት ስም የሚዘዋወር ቴፕ በእርግጥ አንድ መሆኑ፣ ወይም አንድ ስም የያዘው ሁለት ኮንሰርት መሆኑ የሚታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

የማጣራቱ ሥራ የተሳሳተ ዝናንም ያርማል። በ1968 ኒው ዮርክ ውስጥ «ዘ ሲን» በተባለው ክለብ የተቀዳ፣ የዶርስ ቡድን ዘፋኝ ጂም ሞሪሰን ሰክሮ የሚጮህበት ቴፕ ለዓመታት በልዩ ልዩ ስም በሸክላና በሲዲ ተሽጧል። በብዙዎቹ ሽፋኖች ላይ ሌላው ጊታር ተጫዋች ጆኒ ዊንተር እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ዊንተር ግን ከሞሪሰን ጋር ፈጽሞ ተገናኝቶ እንደማያውቅ ተናግሯል። የሦስት ታላላቅ ስሞች በአንድ ሽፋን መዋል ሸክላ ይሸጣል፤ የሦስተኛውን ስም መሰረዝ ግን ለማንም ገንዘብ አያስገኝም። ይህን መሰሉን ትርፍ አልባ እርማት ደጋግሞ ለማተም ፈቃደኛ የሚሆነው፣ ገቢው በሸክላው ሽያጭ ላይ ያልተመሠረተ መጽሔት ነው።

ነጻነት ከማን?

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ ወደ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ ያመራል። የመጽሔቱ ጥሬ ዕቃ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ፎቶግራፉ የአንሺው፣ ቀረጻው የአሳታሚው፣ ስሙና መልኩ የወራሾቹ ነው። ነጻ መጽሔት ማለት እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የሌለው ማለት ሊሆን አይችልም።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1995 የሄንድሪክስን ቴፖች አስመልክቶ ወሳኙ ሰው ፕሮዲዩሰር አለን ዳግላስ ነበሩ። በእርሳቸው አመራር በ1975 የወጣው «ክራሽ ላንዲንግ» በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ቢሆንም አሠራሩ ከባድ ተቃውሞ አስነሣ። የሄንድሪክስ ድምፅና ጊታር ተጠብቆ አብረውት የተጫወቱት የባስና የከበሮ ተጫዋቾች ክፍል ተሰርዟል፤ በምትኩ ሄንድሪክስን አግኝተውት የማያውቁ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ተተክተዋል። ዳግላስ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ ስማቸውን በደራሲነት አስገብተዋል። «ካፕቴን ኮኮናት» የተባለው ዘፈንማ ከተለያዩ ቀረጻዎች ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው። የዚህን አልበም እውነተኛ ይዘት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ለረጅም ጊዜ ያለው አማራጭ የአድናቂ መጽሔቶችን ሠንጠረዥ ማገላበጥ ነበር፤ የትኛው ደቂቃ ከየትኛው ቀን እንደመጣ፣ ያልተነካው ቅጂ በየትኛው ፈቃድ የሌለው ሸክላ ላይ እንደሚገኝ የሚጠቁሙት እነርሱ ነበሩና።

ፈቃድ የሌለው ሸክላ፣ በተለምዶ «ቡትሌግ» የሚባለው፣ የእነዚህ መጽሔቶች የሥነ ምግባር ፈተና ነው። በሕግ ሲታይ የተሰረቀ ንብረት ነው። በማስረጃነት ሲታይ ግን አንዳንዴ ብቸኛው ምንጭ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ምንጩ ሕገ ወጥ ስለሆነ ብቻ እንዳላየ ሊያልፈው አይችልም። መጽሔቶቹ የያዙት መንገድ በአመዛኙ ሸክላውን መሸጥ ሳይሆን መዘርዘርና መገምገም ነው፤ የት እንደሚገዛ ሳይሆን ምን እንደያዘ መናገር። መስመሩ ቀጭን መሆኑ አይካድም፤ ጥሩ ግምገማ ለሌባውም ማስታወቂያ ይሆንለታል። «ዩኒቫይብስ» በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ሌላ መንገድ ሞክሯል። «ኮሊንግ ሎንግ ዲስታንስ»፣ «ኢኤክስፒ ኦቨር ስዊድን» እና «ጂሚ ኢን ዴንማርክ» የተባሉ ሦስት ሲዲዎችን በራሱ ስም አቀረበ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ርእሶች እንደሚያመለክቱት ይዘታቸው በአንድ አገር የተወሰነ፣ ለሰፊው ገበያ የማይሆን፣ ለቅደም ተከተል አጥኚ ግን ውድ የሆነ ነው። በዚህ ሥራ መጽሔቱ ሐያሲነቱን ሳይተው አሳታሚም ሆነ።

በ1995 ሁኔታው ተለወጠ። የሄንድሪክስ አባት አል ሄንድሪክስ፣ በማይክሮሶፍት ተባባሪ መሥራች በፖል አለን የገንዘብ ድጋፍ ታግዘው ሁለት ዓመት ያህል ከተከራከሩ በኋላ፣ የልጃቸውን ሙዚቃ መብት አስመለሱ። «ኤክስፒርየንስ ሄንድሪክስ» የተባለው የቤተሰቡ ድርጅትም ተቋቋመ። ድርጅቱ የራሱን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ፤ በ1998 ደግሞ «ዳገር ሪከርድስ» በሚል ስም ለአጥባቂ አድማጮች ብቻ የታሰበ የሸክላ ክፍል ከፈተ። የዚህ ክፍል የመጀመሪያ ሥራ ሄንድሪክስ ኤፕሪል 27 ቀን 1969 በኦክላንድ ኮሊሲየም ያቀረበው ኮንሰርት ሲሆን፣ ቀረጻው ከተመልካች መካከል አንድ አድናቂ በተንቀሳቃሽ መቅረጫ የቀዳው ነው። ትናንት ወንጀል ይባል የነበረው ቴፕ የድርጅቱ ይፋዊ ምርት ሆነ። በዚያው ወቅት «ስትሬት አሄድ» መታተሙን ያቆመ ሲሆን፣ አዘጋጁ ስቲቨን ሮቢ ለቤተሰቡ ድርጅት በማኅደርና በመጽሔት ሥራ አገልግለዋል፤ ኋላም በ2002 ስለ ሄንድሪክስ ያልታተሙ ቀረጻዎች «ብላክ ጎልድ» የተባለ መጽሐፍ አውጥተዋል።

ይህን ለውጥ ሁለት ዓይነት አድርጎ ማየት ይቻላል። በአንድ በኩል አድናቂዎቹ ለዓመታት የጮኹለት ነገር ተሳክቷል፤ ዋናዎቹ ቴፖች ወደ ቤተሰብ ተመልሰዋል፣ የተነካካው ተትቶ ያልተነካው መታተም ጀምሯል፣ በአልበሞቹ ውስጥ የሚገቡት ማብራሪያዎችም የአድናቂ መጽሔትን ትጋት የሚያስታውሱ ዝርዝሮችን ይዘዋል። በሌላ በኩል እውቀቱንና ባለሙያዎቹን የንብረቱ ባለቤት ሲጠቀልል፣ ባለቤቱ ሲሳሳት የሚያርመው ማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ይፋዊ መጽሔት የራሱን ሸክላ «ሳይታተም ቢቀር ይሻል ነበር» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ነጻው ይችላል፤ ለመቻል ግን ከባለቤቱ የሚመጣን ፎቶግራፍ፣ ቃለ መጠይቅና ቅድመ ዜና ማጣትን መቀበል አለበት። የነጻነት ዋጋ በዚህ ዘርፍ የሚከፈለው በእስር ወይም በቅጣት ሳይሆን በባዶ ገጽ ነው።

ነጻነቱን ያለ ትችት ማወደስም አይገባም። ነጻ መጽሔት ከባለ መብቱ ራቅ ቢል እንኳ ከቴፕ ሰብሳቢዎች ሊርቅ አይችልም፤ ሰብሳቢ ደግሞ የሚያከብረው ብቻውን የያዘውን ነው። አንዳንድ ቀረጻዎች መኖራቸው በዝርዝር ውስጥ ተገልጾ፣ ድምፃቸውን ግን ከጥቂት ሰዎች በስተቀር ማንም ሳይሰማው የሚቆይበት ሁኔታ አለ። ሊመረመር የማይችል ማስረጃ ደግሞ በምሁራዊ መመዘኛ ግማሽ ማስረጃ ነው። ከዚህ የማያንሰው ሁለተኛው ድክመት የትኩረት ጠባብነት ነው። መጽሔቶቹ «መቼ» እና «የት» ለሚሉት ጥያቄዎች የሚያስቀና መልስ አላቸው፤ ሄንድሪክስ ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ በአብዛኛው ነጭ በሆነ ታዳሚ ፊት መቆሙ በሙዚቃው ላይ ምን እንዳስከተለ፣ ወይም በብሉዝ ላይ ያደረገው ለውጥ በምን ዓይነት ሥነ ቃና እንደሚተነተን ሲጠየቁ ግን ገጻቸው ይሳሳል። ቀን ቆጣሪው ከመጽሔቱ ቢያገኝም ተንታኙ ሌላ ቦታ መሄዱ አይቀርም።

መጽሔቶቹ እንደ ምንጭ

በእነዚህ መጽሔቶች የሚጠቀም ተመራማሪ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ የአሠራር ነጥብ አለ። መጽሔቶቹ የሚያርሙት ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም ነው። በአንድ እትም የተሰጠ ቀን ከሦስት እትም በኋላ በደብዳቤ ገጽ በአንድ መስመር ይሻራል። በመሆኑም አንዱን እትም ነጥሎ መጥቀስ አደገኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጡትን የእርማት ገጾች ማየት ግድ ይላል። ለዚህም ሙሉውን ስብስብ ማግኘት ያስፈልጋል። በአየርላንድና በብሪታንያ የሚታተሙ ጽሑፎች ለብሪቲሽ ላይብረሪና ለደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የመሳሰሉ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ እንዲሰጥ በሕግ ቢደነገግም፣ ከቤት የሚታተሙ ትንንሽ መጽሔቶች ይህን ግዴታ የማወቃቸውም ሆነ የመፈጸማቸው ሁኔታ የተለያየ ነው። ከሕግ ይልቅ ስብስቡን በተሟላ መልኩ ያቆየው ብዙውን ጊዜ የደንበኛው መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል፣ ቤት ሲለወጥም ይበተናል።

የዚህ ጉዳይ ክብደት በጽሑፉ መግቢያ በተጠቀሰው ሸክላ ላይ ተመልሶ ይታያል። «ሄንድሪክስ ኢን ዘ ዌስት» በ2011 እንደገና ሲታተም ሁለቱ የሮያል አልበርት አዳራሽ ቀረጻዎች ወጥተው በሌሎች ተተክተዋል፤ «ቩዱ ቻይልድ» አሁን በእርግጥ የሳንዲያጎ ቀረጻ ሲሆን «ሊትል ዊንግ» በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ዊንተርላንድ አዳራሽ ከቀረበ ኮንሰርት የተወሰደ ነው። ርእሱ አንድ፣ ይዘቱ ሁለት ሆኗል። በ1970ዎቹ ስለ አልበሙ የተጻፈን ሂስ ዛሬ አዲሱን ቅጂ እያዳመጠ የሚያነብ ተማሪ፣ ሐያሲው የሚገልጸውን ጨዋታ በዚያ ሲዲ ላይ አያገኘውም። የሚያገኘው ቀኑን፣ አዳራሹንና የሸክላውን የእትም ቁጥር ጎን ለጎን በመዘገበ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።